እንዶድ የሚገኘው በየትኛው መደርደሪያ ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ባሉ ወንዞች ዳር ስለ ቢልሃርዚያ ያጠኑ ነበር፡፡ የበሽታው ተውሳክ ከዕድሜው ከፊሉን የሚያሳልፈው በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ በመሆኑ፣ ተመራማሪው ዓይናቸውን የጣሉት በነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነበር፡፡ ታዲያ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ፡፡ ነገሩን መርምረው ውጤቱን በቀጣዩ ዓመት በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ፡፡ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚሁ ሥራቸው የ"ራይት ላይቭሊሁድ" ሽልማት ተቀበሉ፡፡

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሰምተነዋል፡፡ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ግን አንድ ብልህ ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ ስላየው ነገር ነው፡፡ ከዚያ ቀን በፊት ዕውቀቱ የት ነበር ብለን የጠየቅን እንደሆነ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል፡፡ እንዶድ እንደ ሳሙና አረፋ እንደሚያወጣ እናቶቻችን ያውቁ ነበር፡፡ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ተክሉን በላቲን ስሙ መዝግበውታል፡፡ ኬሚስቶች ደግሞ አረፋ የሚያወጡ ተክሎች ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳላቸው ያውቃሉ፡፡ የጥገኛ ተሕዋስያን ባለሙያዎች በበኩላቸው ቀንድ አውጣው ከጠፋ የቢልሃርዚያ መተላለፊያ ሰንሰለት እንደሚበጠስ ያስተምሩ ነበር፡፡ እያንዳንዱ ቁራጭ በየባለቤቱ እጅ ነበር፡፡ ያልነበረው ቁራጮቹን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ቦታ ነው፡፡

እስቲ ዛሬ አንድ ተመራማሪ ወደ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብሎ ስለ እንዶድ የተጻፉ መጻሕፍትን በሙሉ መሰብሰብ ቢፈልግ ምን እንደሚገጥመው እንመልከት፡፡ ቤተ መጻሕፍቱ የሚሠራው በዲዩዊ የአመዳደብ ስልት ነው እንበል፡፡ እንዶድን እንደ ተክል የሚመለከተው መጽሐፍ 583 ቁጥር ላይ ከዕፅዋት ጋር ተደርድሯል፡፡ የቀንድ አውጣዎቹ ነገር 594 ላይ ነው፡፡ ቢልሃርዚያ እንደ በሽታ ከተጻፈ 616 ውስጥ ይገባል፡፡ ሳሙና ነክ ነገር 668 ነው፡፡ ስለ ፓተንት መብት ማንበብ ከፈለገ ደግሞ እስከ 346 ድረስ ወደ ሕግ መጻሕፍት መጓዝ አለበት፡፡ የመጨረሻው የማያስፈልግ እንዳይመስላችሁ፡፡ በ1990ዎቹ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በታላላቆቹ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ያስቸገረውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው አረጋግጠው ፓተንት አውጥተውበታል፤ ነገሩም ብዙ አከራክሯል፡፡ እናም አንድ ተክል አምስት መደርደሪያ፣ ምናልባትም ሦስት ፎቅ ያስኬዳል ማለት ነው፡፡

ሜልቪል ዲዩዊ የአመዳደብ ስልቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1876 ነበር፡፡ ዕውቀትን ሁሉ በአሥር ታላላቅ ክፍሎች፣ እያንዳንዱን ደግሞ እንደገና በአሥር እየከፈለ የሚሄድ ሥርዓት ነው፡፡ ክፍሎቹ የቆሙት በትምህርት ዘርፎች ላይ ነው፡፡ ማለትም ጥያቄው "መጽሐፉ ስለ ምን ነገር ይናገራል?" ሳይሆን "ነገሩን የሚያየው በየትኛው ሙያ ዓይን ነው?" የሚል ነው፡፡ ለአንድ ሙያ ሰው ይህ እጅግ ምቹ ነው፤ ሐኪሙ ሐኪሞች ያሉበት፣ መሐንዲሱም መሐንዲሶች ያሉበት ሄዶ ጎረቤት መጻሕፍትን ያገኛል፡፡ ችግሩ የሚመጣው ጥያቄው በሁለት ሙያዎች ድንበር ላይ ሲሆን ነው፡፡ መጽሐፍ እንደ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መቀመጥ አይችልም፡፡ ለዲዩዊ ፍትሕ ለመስጠት ያህል ይህን ችግር እሱ ራሱም አይቶታል፡፡ ከሥርዓቱ ጋር በፊደል ተራ የተዘጋጀ መጠቁም ጨምሮ፣ አንድ ርዕሰ ጉዳይ በየትኞቹ ቁጥሮች ሥር ተበትኖ እንደሚገኝ አንባቢው በአንድ ቦታ እንዲያይ አድርጓል፡፡ ስንቶቻችን መደርደሪያውን ከመፈተሻችን በፊት ያንን መጠቁም እንደከፈትን ግን እንጃ!

ቁሳቁሱ ተበታትኖ መቀመጡ አድካሚ ከመሆን ውጪ ምን ጉዳት አለው? የሚል ጠያቂ አይጠፋም፡፡ ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሰጡት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩት ዶን ስዋንሰን ናቸው፡፡ ስዋንሰን በትምህርታቸው የፊዚክስ ሰው ነበሩ፤ ቤተ ሙከራም ሕሙማንም አልነበሯቸውም፡፡ የነበራቸው ንባብ ብቻ ነው፡፡

ሰውዬው ሁለት የሕክምና ጽሑፎችን ክምር ጎን ለጎን አነበቡ፡፡ አንደኛው ክምር ስለ ሬይኖ ሕመም የሚናገር ነው፤ ይህ ሕመም ብርድ ሲነካቸው የእጅና የእግር ጣቶቻቸው ደም እያጣ የሚነጣና የሚደነዝዝባቸውን ሰዎች የሚያሠቃይ ነው፡፡ በነዚህ ሕሙማን ዘንድ ደም የመወፈር፣ የደም ሥር የመኮማተርና የደም ሕዋሳት እርስ በርስ የመጣበቅ ጠባይ እንደሚታይ ተጽፏል፡፡ ሁለተኛው ክምር ስለ ዓሣ ዘይት የሚናገር ነው፡፡ የዓሣ ዘይት የደምን ውፍረት እንደሚቀንስ፣ መጣበቁንም እንደሚያላላ በዚያ ተጽፏል፡፡ አንዱ "ሀ ለ ን ያስከትላል" ይላል፤ ሌላው "ለ ሐ ን ያባብሳል" ይላል፡፡ ታዲያ ሀ ለ ሐ ሊረዳ ወይም ሊጎዳ እንደሚችል ለመጠርጠር ሊቅ መሆን አያስፈልግም፡፡ ሆኖም የሁለቱ ክምሮች ጸሐፊዎች አንዱ የሌላውን አያነቡም፣ አንዱ ሌላውን አይጠቅስም ነበር፡፡ ስዋንሰን እ.ኤ.አ. በ1986 የዓሣ ዘይት የሬይኖ ሕሙማንን ሊረዳ እንደሚችል ግምታቸውን አሳተሙ፡፡ በ1989 ደግሞ ሐኪሞች በ32 ሕሙማን ላይ ያደረጉት ሙከራ ታተመ፡፡ ሕመሙ ከሌላ በሽታ ጋር ሳይያያዝ ራሱን ችሎ የመጣባቸው ሰዎች የዓሣ ዘይት ሲወስዱ ብርድ የመቋቋም አቅማቸው ተሻሽሎ ተገኘ፤ ከሌላ በሽታ ጋር ተያይዞ የመጣባቸው ግን ይህን ያህል አልተጠቀሙም፡፡ የዓሣ ዘይት ፍቱን መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፡፡ ቁም ነገሩ ለሙከራ የሚበቃ ሐሳብ ከመደርደሪያ ላይ መገኘቱ ነው፡፡

ስዋንሰን በ1988 በማይግሬን ራስ ምታትና በማግኒዥየም እጥረት መካከልም እንዲሁ ማንም ልብ ያላላቸውን አሥራ አንድ ግንኙነቶች ዘርዝረዋል፡፡ ለነገሩ ያወጡለት ስም "ያልተገኘ የአደባባይ ዕውቀት" የሚል ነው፡፡ ታትሟል፣ ማንም ሊያነበው ይችላል፣ ግን ማንም አያውቀውም፡፡

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ዓይነቱን ዕውቀት በዕድል ሳይሆን በሥርዓት እንዴት እናገኘዋለን የሚል ነው፡፡ መልስ ፍለጋው የጀመረው ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት ነው፡፡

ቤልጂጋዊው የሕግ ባለሙያ ፖል ኦትሌ ከወዳጁ ከአንሪ ላ ፎንቴን ጋር (በኋላ እ.ኤ.አ. በ1913 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው ነው) በ1895 ብራስልስ ላይ በዓለም የታተመውን ሁሉ በካርድ የመመዝገብ ሥራ ጀመሩ፡፡ ካርዶቹ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደረሱ፡፡ ሰዎች በደብዳቤ ጥያቄ ይልካሉ፣ ክፍያ ይፈጽማሉ፣ የሚመለከታቸው ካርዶች ተገልብጠው ይላኩላቸዋል፡፡ ኦትሌና ላ ፎንቴን የዲዩዊን ቁጥሮች ተውሰው አንድ ትንሽ ነገር ጨመሩበት፤ እሱም በሁለት ቁጥሮች መካከል የሚገባ የሁለት ነጥብ ምልክት ነው፡፡ ይህ ምልክት "የዚህና የዚያ ግንኙነት" ማለት ነው፡፡ በዚህ መሠረት የተክልና የበሽታ ቁጥር በአንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን ሊጻፍ ቻለ፡፡ መጽሐፉ አንድ ቦታ ቢቀመጥም ካርዱ ሁለትና ሦስት ቦታ መቀመጥ ይችላል፡፡ የሥራው መጨረሻ ግን አሳዛኝ ነው፤ በ1934 የቤልጂግ መንግሥት ድጋፉን አቋርጦ ማዕከሉን ዘጋው፣ በ1940 ደግሞ የጀርመን ወራሪዎች ለሥነ ጥበብ ትርዒት ቦታ ሲሉ ከአዳራሹ አስወጡት፡፡ የተረፈው ዛሬ ሞንስ በተባለችው ከተማ በቤተ መዘክር ይገኛል፡፡

ሁለተኛው ሰው ሕንዳዊው ራንጋናታን ነው፡፡ የሂሳብ መምህር የነበረና በኋላ የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሆነ ሰው ነው፡፡ ለንደን ሳለ አንድ ሱቅ ውስጥ ሜካኖ የተባለውን፣ በብሎንና በብረት ቁርጥራጭ የሚገጣጠመውን የልጆች መጫወቻ አይቶ ሐሳቡ እንደመጣለት ራሱ ተናግሯል፡፡ ከተመሳሳይ ቁርጥራጮች መኪናም ድልድይም ይሠራል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣው የአመዳደብ ስልትም እንዲሁ ነው፡፡ ለያንዳንዱ ርዕስ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሳጥን የለም፤ ርዕሱ ከገጽታዎቹ ይገጣጠማል፡፡ የነገሩ ማንነት፣ ቁሱ፣ በላዩ የሚፈጸመው ድርጊት፣ ቦታው፣ ጊዜው፡፡ ለእንዶዱ ጥናት ተክሉ፣ ቀንድ አውጣው፣ ማጥፋቱ፣ አድዋና 1964 እያንዳንዳቸው መግቢያ በር ይሆናሉ ማለት ነው፡፡ ስልቱን ከሕንድ ውጪ የሚጠቀሙበት ቤተ መጻሕፍት ጥቂት ናቸው፡፡ ሐሳቡ ግን በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል፡፡ ኢንተርኔት ላይ ጫማ ስትፈልጉ በቁጥር፣ በቀለም፣ በዋጋና በፋብሪካ እየመረጣችሁ የምታጣሩት በዚሁ ዘዴ ነው፡፡

ሦስተኛው መንገድ ለሕግ ባለሙያዎች አዲስ አይሆንም፡፡ በአሜሪካ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ በመጡ ውሳኔዎች ተጠቅሶ እንደሆነ፣ ተደግፎ ወይም ተሽሮ እንደሆነ የሚያሳይ "ሼፐርድስ" የተባለ መዝገብ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነበር፡፡ ዩጂን ጋርፊልድ ይህንኑ ለሳይንስ እንጠቀምበት ሲል እ.ኤ.አ. በ1955 ጻፈ፣ በ1960ዎቹም የሳይንስ ማጣቀሻ መጠቁሙን ማሳተም ጀመረ፡፡ የዚህ ዘዴ ውበት በቃላት ላይ አለመመሥረቱ ነው፡፡ የ1965ቱን የዶ/ር አክሊሉን ጽሑፍ የጠቀሰ ሁሉ፣ ኬሚስትም ይሁን የሕግ ሰው፣ በአንድ ዝርዝር ላይ ይገኛል፡፡ ድክመቱ ደግሞ ከስዋንሰን ታሪክ ይታያል፤ ሁለቱ ክምሮች መጀመሪያውኑ ካልተጠቃቀሱ መጠቁሙ አያገናኛቸውም፡፡ በዚያ ላይ ጋርፊልድ የጀመረው 600 ገደማ በሚሆኑ መጽሔቶች ነው፡፡ ከአፍሪካ የሚወጡ መጽሔቶች ለረጅም ጊዜ ከዚህ ዓይነቱ ዝርዝር በአብዛኛው ውጪ ነበሩ፡፡ ዝርዝር ውስጥ ያልገባ መጽሔት ደግሞ እንዳልታተመ ይቆጠራል፡፡

የሕክምናው ዓለም የመረጠው መንገድ የቃላት ስምምነት ነው፡፡ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ከ1960 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የርዕሶች መዝገብ አለ፡፡ አንዱ ጸሐፊ "ቢልሃርዚያ"፣ ሌላው "ሺስቶሶሚያሲስ" ቢል መዝጋቢው ሁለቱንም በአንድ ስም ሥር ያስገባቸዋል፡፡ አሰልቺ ሥራ ነው፡፡ ነገር ግን አንድ ሐኪም በደቂቃ ውስጥ የሚፈልገውን የሚያገኘው ሌላ ሰው ይህን አሰልቺ ሥራ አስቀድሞ ስለሠራለት ነው፡፡

የእኛ ነገር

እስካሁን የተነሱት ችግሮች የዓለም ሁሉ ናቸው፡፡ ኢትዮጵያን በተመለከተ ግን ተጨማሪ ጣጣ አለ፡፡

የመጀመሪያው የስማችን ጉዳይ ነው፡፡ በሕክምና ጽሑፎች መዝገብ፣ ፐብሜድ በሚባለው፣ ዶ/ር አክሊሉ የሚገኙት "ለማ አ." ተብለው ነው፡፡ አባታቸው ደራሲ ሆነው እሳቸው በአንድ ፊደል ቀርተዋል፡፡ በአንጻሩ ሐምቡርግ ላይ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጾች የታተመው "ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ" ኢትዮጵያውያንን የሚመዘግበው እንደ አገሩ ወግ በራሳቸው ስም ነው፡፡ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ፡፡ በመሆኑም የአንድ ሰው ሥራዎች በአንዱ መዝገብ "አ" ላይ፣ በሌላው "ለ" ላይ ይቀመጣሉ፡፡ የአባት ስሙ "ከበደ" ወይም "ተስፋዬ" የሆነ ተመራማሪማ ምኑ ይነገራል! በአንድ ፊደልና በአባት ስም ብቻ ከተመዘገበ ከስንት ሰው ጋር እንደሚደባለቅ መገመት ነው፡፡ በነገራችን ላይ ከእንዶድ የተገኘው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገር "ሌማቶክሲን" የሚል ስም ተሰጥቶታል፡፡ ለአክሊሉ ክብር የወጣው ስም በአባታቸው በአቶ ለማ ተጠርቷል፡፡

ለዚህ ችግር የተዘጋጀ መድኃኒት አለ፡፡ ከ2012 ጀምሮ "ኦርኪድ" የተባለ ድርጅት ለማንኛውም ተመራማሪ ያለ ክፍያ ባለ 16 አሃዝ መለያ ቁጥር ይሰጣል፡፡ ስሙ ቢገለበጥ፣ በሁለት "ኤል" ወይም በአንድ ቢጻፍ፣ ቁጥሩ ያው ነው፡፡ የሞቱት ሊቃውንት ግን ቁጥር አያወጡም፤ የእነሱን ሥራ ማሰባሰብ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ዕዳ ሆኖ ይቀራል፡፡

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፡፡ በ1990 ዓ.ም. የተጻፈ የአማርኛ ጥናት "ዓ.ም." የሚለው ሳይታይ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል፡፡ ስለ ድርቅ ወይም ስለ ወረርሽኝ ለሚያጠና ሰው ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ የዝናብ መዝገቡ የአንድ ዓመት፣ የምርቱ መዝገብ የሌላ ዓመት ሆኖ ይጣመርበታል፡፡

ሦስተኛው ፊደልና ስያሜ ነው፡፡ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፡፡ ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለተወሰኑ ዓመታት፣ በየፋብሪካው ፎንት የተጻፈው ሰነድ ለዛሬው ኮምፒዩተር ትርጉም የሌለው ምልክት ነው፡፡ በትክክል የተጻፈውም ቢሆን "ዓለም"ን የፈለገ "አለም"ን አያገኝም፣ "ፀሐይ" እና "ጸሀይ" ለማሽኑ ሁለት ነገሮች ናቸው፡፡ በሳይንሳዊ ስሞችም ተመሳሳይ ነገር አለ፡፡ ጤፍ ዛሬ "ኤራግሮስቲስ ቴፍ" ይባላል፤ በድሮ ጽሑፎች "ኤራግሮስቲስ አቢሲኒካ" ነበር፡፡ እንሰት ዛሬ ራሱን የቻለ ወገን ቢሆንም ድሮ ከሙዝ ጋር "ሙሳ ኤንሴቴ" ተብሎ ተመዝግቧል፡፡ አዲሱን ስም ብቻ የሚያውቅ ተመራማሪ የአንድ ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ያመልጠዋል፡፡

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የብራና መጻሕፍት ጉዳይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ውስጥ ከ9,000 በላይ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተው አንድ ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኔሶታ ይገኛል፡፡ ካታሎጉን በማዘጋጀት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የዕድሜያቸውን ትልቅ ክፍል ሰጥተዋል፡፡ ካታሎግ እንደ ባሕሉ መጽሐፉን በዋና ርዕሱ ይመዘግባል፤ ወንጌል፣ ድርሳን፣ ገድል እያለ፡፡ ይሁን እንጂ አባቶቻችን ብራናን የሚጠቀሙበት ለጸሎት ብቻ አልነበረም፡፡ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ የርስት ሽያጭ፣ የጉልት ስጦታ፣ ውርስና ሙግት ይጽፉ ነበር፤ ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ውል አይካድምና፡፡ ስለ ጎንደር ዘመን የመሬት ሥርዓት ያጠኑት የታሪክ ምሁር ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ላሳተሙት መጽሐፍ ዋነኛ ምንጫቸው እነዚህ ማስታወሻዎች ነበሩ፡፡ የኢኮኖሚ ታሪክ በወንጌል ኅዳግ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፡፡ በርዕስ ብቻ ለሚፈልግ የኢኮኖሚ ተማሪ ግን "ወንጌል" የሚል ካርድ ምንም አይነግረውም፡፡ ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው "ቤተ መጻሕፍት" የተባለ ፕሮጀክት እነዚህን ተጨማሪ ጽሑፎች ለየብቻ እየመዘገበ፣ በውስጣቸው የሚጠቀሱ ሰዎችንና ቦታዎችንም እያያያዘ በኢንተርኔት ያቀርባል፡፡ ኦትሌ በካርድና በሁለት ነጥብ ሊያደርገው የሞከረው ይህንኑ ነበር፡፡

"አሁን እኮ ማሽኑ ራሱ ሁሉንም ያነባል" የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፡፡ ግማሽ እውነት አላቸው፡፡ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ "ኦፕን አሌክስ" የተባለው ነፃ መዝገብ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥናቶችን ከነጸሐፊያቸውና ከነማጣቀሻቸው ለማንም ክፍት አድርጓል፡፡ ስዋንሰን በእጃቸው ያደረጉትን የሁለት ክምሮች ንባብ ዛሬ ኮምፒዩተር በሰዓታት ይሞክረዋል፡፡ ሆኖም ማሽን የሚያገናኘው የተሰጠውን ነው፡፡ "ለማ አ." እና "አክሊሉ ለማ" አንድ ሰው መሆናቸውን፣ 1990 ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. 1998 አንድ ዓመት ሊሆኑ እንደሚችሉ የጻፈለት ከሌለ ሁለት አድርጎ ይይዛቸዋል፡፡ ስካን ተደርጎ እንደ ፎቶግራፍ የተቀመጠ የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ለእሱ ሥዕል ነው፡፡

ደግነቱ አብዛኛው እርማት ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ስሙን በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት ሆሄ ቢጽፍና መለያ ቁጥሩን ቢያያይዝ፣ የዘመን አቆጣጠሩን ቢገልጽ ግማሹ መንገድ ተጠርጓል፡፡ በአጭር መግለጫው ውስጥ የነገሩን የአማርኛ፣ የኦሮምኛ ወይም የትግርኛ ስም ከአሁኑና ከድሮው የላቲን ስም ጋር ማስገባት ሁለት መስመር ቢወስድ ነው፡፡ አማካሪው ደግሞ "ይህን ጥናት ከአንተ የትምህርት ክፍል ውጪ ማን ሊፈልገው ይችላል?" ብሎ ቢጠይቀውና መልሱ በቁልፍ ቃላቱ ዝርዝር ላይ ቢጨመር፣ ስለ ልብስ አጠባ ልማድ የተጻፈ የማኅበረሰብ ጥናት አንድ ቀን በቢልሃርዚያ ተመራማሪ እጅ ሊገባ ይችላል፡፡